«ዳንከርክን» አይቼ ምንም አልተሰማኝም፤ ችግሩ የኔ ነው ወይስ የፊልሙ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ደሴ ነው። ጓደኞቼ የክሪስቶፈር ኖላንን ዳንከርክ ሲያደንቁ ከርመው በመጨረሻ በስልኬ አየሁት። ሦስት ኦስካር ወስዷል፤ ተቺዎቹ ሁሉ አጨብጭበውለታል። እኔ ግን ማን ማን እንደሆነ እንኳ ሳልለይ አለቀ። ጊዜው ይዘበራረቃል። ሰዎቹ አያወሩም። አውሮፕላኖቹ እያጓሩ ሲመጡ ደግሞ አልቻልኩም፣ ድምፁን ቀነስኩት። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴን ይዤ በእግር የወጣሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ፊልም ከማንም በላይ እኔን ይነካኛል ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። አንድ ነገር ብቻ እየተመላለሰ አስቸገረኝ፦ የከተማው ሰው የት ሄደ? ፊልም አይገባኝም ማለት ነው? ለጓደኞቼስ ምን ልበላቸው?»

አብሽሪ እህቴ። ፊልም ይገባሻል። ያውም እየተመላለሰች ያስቸገረችሽ ጥያቄ ስለዚህ ፊልም ከተጻፉት ብዙ ሂሶች ትበልጣለች። እሷን በደንብ እናያታለን። አስቀድሜ ግን ስለ ስልክሽና ስለ ድምፁ ልናገር፤ የነገሩ ግማሽ እዚያ ላይ ነውና።

እኔ የምተዳደረው በኤዲቲንግ ነው። የተቀረጸውን ቆርጬ እቀጥላለሁ፤ ይህንኑም አስተምራለሁ። ዳንከርክን የማየው በሙያዬ ዓይን ነው። አንቺ ያየሽው በደሴ ልጅ ዓይን ነው። አንዱ ዓይን የሚያየውን ሌላው ቢስተው አይገርምም።

ፊልሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይዋ የባሕር ዳር ከተማ ዳንከርክ በጀርመኖች ተከብበው በባሕር ለመውጣት መርከብ ስለሚጠብቁ ወታደሮች ነው። አብዛኛው ክፍሉ የተቀረጸው አይማክስ በሚባለው ትልቅ ካሜራ ነው። ይህ ካሜራ የሚታሰበው የፎቅ ቁመት ላለው ስክሪን ነው። ባሕር ዳርቻው ላይ የተሰለፉትን ወታደሮች በዚያ ስክሪን ስታዪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት አንገትሽን ታዞሪያለሽ። ስልክ ላይ ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ። ልጆቹ ደግሞ ሁሉም እኩያ ናቸው። ፀጉራቸው ጥቁር፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት፣ ፊታቸው በጭቃና በዘይት የተለወሰ። ዳይሬክተሩ አውቆ ነው እንዲህ ያደረገው፤ በግርግር ውስጥ ሰው ከሰው እንደማይለይ ሊያሳየን። ሆኖም ይህ የሚሠራው ስክሪኑ ሲበቃ ነው። ማን ማን እንደሆነ ሳትለዪ ማለቁ የአንቺ ጥፋት አይደለም።

ድምፁ ላይ ነገሩ ይብሳል። የዚህ ፊልም ስክሪፕት 76 ገጽ ብቻ ነው። በሙያው ልማድ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይወጣዋል። ፊልሙ ግን 106 ደቂቃ ነው። የቀረውን ማን ሞላው? በአብዛኛው ድምፅ። ሙዚቃውን የሠራው ሀንስ ዚመር ከዳይሬክተሩ ከራሱ የእጅ ሰዓት የተቀረጸ ቲክ ቲክታ ከሥር አስገብቶበታል። በዚያ ላይ ጆሮ የሚያታልል አንድ ዘዴ አለ፤ ባለሙያዎች ሼፐርድ ቶን ይሉታል። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየወጣ፣ እየወጣ ሲሄድ ትሰሚያለሽ፤ የትም ግን አይደርስም። አንዱ ላይ ወጥቶ ሳያልቅ ሌላው ከሥር ይቀበለዋል። ደረትሽ እየጠበበ ይሄዳል። ምክንያቱን ግን አታውቂውም።

አንቺ ድምፁን ቀነስሽው። ልክ አድርገሻል። ስቱካ የሚባለው የጀርመን ቦምብ ጣይ ወደ ታች ሲወረወር የሚጮኸው በሞተሩ ብቻ አልነበረም። ከሥር ያለው ሰው እንዲሸበር ሆን ተብሎ ሳይረን ተገጥሞለት ነበር። ፊልሙ ያን ጩኸት እንዳለ አምጥቶ ጆሮሽ ላይ ለቀቀው። ሌላ አገር በሰላም ለሚኖር ተመልካች ይህ ደስ የሚል ድንጋጤ ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ወጥቶ እራቱን ይበላል። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ በጆሮዋ የሰማች ሰው ግን እጇ ድምፅ መቀነሻው ላይ ቢሄድ ምን ይገርማል? የሆነው ሆኖ፣ ከዳንከርክ ላይ ድምፁ ሲነሳ የፊልሙ ግማሽ አብሮ ይነሳል። «ምንም አልተሰማኝም» ያልሽው በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ድምፅ ከፊልም ውጭም የሚያስደነግጥሽ ወይም እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ፣ ነገሩ የፊልም ጉዳይ አይደለምና ጤና ተቋም ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግሪ። በ2014 ያን ሁሉ ያየ ሰው እንዲህ ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ጊዜው መዘበራረቅ ልለፍ። ፊልሙ ሦስት ታሪክ ይዟል። ባሕር ዳር ተሰልፎ መርከብ የሚጠብቀው ወታደር ታሪክ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ከእንግሊዝ የምትነሳው የትንሿ ጀልባ ታሪክ አንድ ቀን ነው። የአብራሪዎቹ ታሪክ አንድ ሰዓት ነው። ሦስቱ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ ወደ መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ይህን የሚነግርሽ መጀመሪያ አካባቢ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጽሑፍ ነው። እሱ ካመለጠሽ ቀኑ ሲመሽ፣ ሌሊቱ ሲነጋ፣ መልሶ ሲመሽ ግራ ይገባሻል።

ለኔ የፊልሙ ትልቁ ሥራ ያለው እዚሁ መዘበራረቅ ውስጥ ነው። የሚንቀጠቀጠውን ወታደር አስታወሽው? ሲሊያን መርፊ ነው የሚጫወተው። ትንሿ ጀልባ ስትሄድ ከተገለበጠ መርከብ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ታገኘዋለች። ብርድ ልብስ ይደርቡለታል፤ ሻይ ይሰጡታል፤ እሱ ግን ወደ ውስጥ አልገባም ይላል። ጀልባዋ ወደ ዳንከርክ እየሄደች መሆኑን ሲያውቅ እንደ እብድ ያደርገዋል። ተመልካቹ በልቡ «ፈሪ» ብሎት ያልፋል። ብዙ ቆይቶ ፊልሙ በሌሊት፣ በአንዲት የነፍስ አድን ጀልባ ላይ፣ አንድ መኮንን ያሳየናል። ረጋ ያለ ሰው ነው። ባሕር ውስጥ ያሉትን ልጆች ጀልባዋ ሞልታለች፣ እዚያው ሆናችሁ ጠብቁ፣ ጉልበታችሁን አታባክኑ ይላቸዋል። ፊቱን ቀና ሲያደርግ ያው ሰውዬ ነው! በጊዜ ቅደም ተከተል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ያን የረጋ መኮንን፣ ቀጥሎ የተሰበረውን ሰው ታዪ ነበር። ኖላን ገለበጠው። መጀመሪያ አስፈረደሽ፤ ከፈረድሽ በኋላ ሰውዬው ከአንድ ሌሊት በፊት ማን እንደነበር አሳየሽ። ተማሪዎቼን ይህን ቦታ ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ። በንግግር ቢሆን ገጽ የሚፈጀውን በቅንብር ብቻ ጨርሶታል።

አሁን ሽልማቱን ልብ ብለሽ እዪው። ዳንከርክ ለኦስካር በ8 ዘርፍ ታጭቶ በ3 አሸነፈ። በኤዲቲንግ፣ በሳውንድ ኤዲቲንግና በሳውንድ ሚክሲንግ። ሁለቱ የድምፅ ናቸው። በትወና አንድም ሰው አልታጨለትም። በስክሪፕትም አልታጨም። «ሦስት ኦስካር» ሲባል ሆድ የሚያባባ ታሪክ የጠበቀች አንቺ ብቻ አይደለሽም። የተሸለመው ግን አሠራሩ ነው። ጓደኞችሽ ይህችን ሳይነግሩሽ ነው «እዪው» ያሉሽ።

ተቺዎቹንም መረዳት ያስፈልጋል። ሥራቸው ፊልም ማየት ነው። የሚስቱን ፎቶ ኪሱ ውስጥ የያዘ ወታደር፣ ካርታ ላይ የሚጨቃጨቁ ጄኔራሎች፣ ከመሞቱ በፊት ረጅም ንግግር የሚያደርግ ጓደኛ፤ ይህን ሁሉ ጠግበውታል። ዳንከርክ ሁሉንም ጣለው። ጠላት እንኳ ፊት የለውም፤ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጥይትና አውሮፕላን ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ያዩት በምርጥ አዳራሽ፣ በምርጥ ስፒከር ነው። ትርጉም ፊልም እያየ ያደገ ሰው ግን እዚህ ጋ የሚተረጎም ንግግር እንኳ ብዙ አያገኝም።

እንዲያም ሆኖ ወሎዬ ለእንዲህ ያለ ሥራ ባዳ አይደለም ብዬ አምናለሁ። አምባሰል ሲዘፈን «ታሪኩ ምንድነው? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለን አንጠይቅም። ቅኝቱ ይዞን ይወጣል፣ ይዞን ይወርዳል፤ ግጥሙ ሁለት ስንኝ ቢሆንም ይበቃናል። ዳንከርክ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። በታሪክ ልትከተዪው ከሞከርሽ ያመልጥሻል፤ በድምፅና በምት ከተከተልሽው ይይዝሻል። አንቺ ደግሞ ድምፁን መከተል የማትችዪበት በቂ ምክንያት ነበረሽ።

እንግዲህ የከተማው ሰው የት ሄደ?

ፊልሙ ሲከፈት ጥቂት ወታደሮች ጭር ባለ መንገድ ይሄዳሉ። ከሰማይ ወረቀት ይወርዳል፤ መከበባቸውን የሚናገር የጠላት ወረቀት። አንዱ ከግቢ ጎማ ውሃ ሊጠጣ ይሞክራል። ሌላው በአንድ ቤት መስኮት እጁን አስገብቶ ከሲጋራ መተርኮሻ ላይ ቁራጭ ይለቅማል። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ወታደሩን ነው የሚያየው፤ ጥይቱ መቼ ይመጣ ይሆን እያለ። ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው ግን መተርኮሻውን ያያል። ያን ሲጋራ ያጨሰው ማን ነው? መስኮቱን ሳይዘጋ የወጣው ምን ቢያጣድፈው ነው? ልጅ አዝሎ ነው? እናቱን ደግፎ ነው? ፊልሙ ለእነዚህ ሰዎች ያለው ቦታ ያቺ መስኮት ብቻ ናት። ካሜራው አልፏት ይሄዳል፤ አይመለስባትም።

በእውነቱ ዳንከርክ ባዶ ከተማ አልነበረችም። ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 1940፣ በእኛ ግንቦት 1932፣ ከ338 ሺህ በላይ ወታደር በባሕር ወጥቷል። መጀመሪያ ላይ 45 ሺህ ያህል ቢወጣ ትልቅ ነገር ነው ተብሎ ነበር። ወታደሩ ባሕር ዳር ሲሰለፍ የከተማው ሰው ከቤቱ ሥር ምድር ቤት ገብቶ ነበር። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ብዙ ነዋሪ አልቋል። የሰሜን ፈረንሳይና የቤልጅየም መንገዶችም በዚያ ግንቦት በስደተኛ ተጨናንቀው ነበር፤ ጋሪ የሚገፋ፣ ፍራሽ የጫነ፣ ልጅ የሚጎትት ሕዝብ።

ፊልሙን የሚከላከሉ ሰዎች «ዳይሬክተሩ የመረጠው የወታደሩን ዓይን ነው፤ ወታደሩ ያላየውን ለምን ያሳየን?» ይላሉ። ይህ ክርክር እኔን አያሳምነኝም። ወታደሩ እዚያ ባሕር ዳር የደረሰው በእነዚያው መንገዶች ነው። ስደተኛውን አይቷል፤ ከጎኑ ሄዷል። ስለዚህ ሕዝቡ ከፊልሙ የወጣው በምርጫ ነው። ምርጫው ፊልሙን ጥርት ያለ አድርጎታል፤ አንድ ባሕር፣ አንድ አሸዋ፣ የሚጠብቅ ወታደር። ዋጋም አስከፍሎታል። በቅሎ እየነዱ እዚያ የነበሩት የሕንድ ወታደሮች አይታዩም። እንግሊዞቹ እንዲያመልጡ መስመሩን ይዘው ቆይተው በአሥር ሺዎች የተማረኩት ፈረንሳዮችም ያገኙት ጥቂት ቦታ ነው። ይህን ቅሬታ ያነሱ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሕንድ ጸሐፊዎች አሉ። ስለዚህ «አልነካኝም» ስትዪ ብቻሽን አይደለሽም።

የደሴ ሰው ይህን መጉደል ቶሎ ቢያይ ደግሞ ምክንያት አለው። በህዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ቀን ለዓለም የቀረው ምስል እሳቸው መሣሪያው ላይ ሆነው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚታየው ነው። ትልቅ ምስል ነው፤ ይገባቸዋልም። ሆኖም በዚያው ቀን የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመትቷል። የሳር ቤቶች ነደዋል። ቤቱ የነደደበት ሰው እዚያ ፎቶ ውስጥ የለም። ስለ 1928 ከአያቶቹ የሰማና 2014ን ራሱ ያየ ሰው፣ የጦርነት ሥዕል ሲያሳዩት መጀመሪያ የሚፈልገው የጎደለውን ቢሆን አያስገርምም።

ደግሞ ነገሩ ከደሴ የራቀ እንዳይመስልሽ። የመጨረሻዋ መርከብ ከዳንከርክ በወጣች በስድስተኛው ቀን፣ ጁን 10 1940፣ ሙሶሎኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያን ለመርዳት ስታመነታ የነበረችው እንግሊዝ ከዚያ በኋላ ከአርበኞቻችን ጎን ተሰለፈች። ደሴ በሚያዝያ 1933 ከጣሊያን እጅ ወጣች። ፊልሙ ይህን አይነግርሽም፤ ሊነግርሽም አይጠበቅበትም። እኔ ግን ያን አሸዋ ባየሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

አንድ ትዕይንት ግን አልፈሽው ከሆነ እንድትመለሽበት እፈልጋለሁ። ድምፅ አይፈልግም፤ አውሮፕላንም የለበትም። ጀልባዋ ላይ ጆርጅ የሚባል ልጅ አለ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ልርዳ ብሎ ዘሎ የተሳፈረ ልጅ ነው። የሚንቀጠቀጠው ወታደር ጀልባዋን ለማስመለስ ሲታገል ገፍትሮት ይወድቃል፤ ጭንቅላቱ ይመታል፤ በኋላም ይሞታል። ወታደሩ አያውቅም። «ልጁ ደህና ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። የጀልባዋ ባለቤት ልጅ ፒተር፣ የጆርጅ ጓደኛ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ሲጠየቅ በንዴት ደህና እንዳልሆነ ነግሮት ነበር። ጆርጅ ከሞተ በኋላ ወታደሩ እንደገና ይጠይቀዋል። ፒተር ያየዋል። ደህና ነው ይለዋል። አባትየው ከጀልባዋ መሪ ጋ ሆኖ ልጁን ያየውና ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። በቃ።

ይህን ትዕይንት የውጭ ተቺዎች «ይቅርታ» ይሉታል። እኛ ከዚያ በላይ እናውቅበታለን። መርዶ ነው። መርዶ በማንም፣ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ ለታመመ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ አይነገርም። ወሬውን ያወቀ ሰው ሆዱ እየተቃጠለ «ደህና ናቸው» ብሎ ያልፋል። ያ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ያውም ጓደኛውን ለገደለበት ሰው። በ2014 ከደሴ ስትወጪ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ይሆናል፤ ወይም አንቺው ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ይሆናል። ከፊልሙ ውስጥ አንቺን የሚነካ ነገር ካለ እዚህ ጋ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ስልክ ላይ በቀላሉ ያመልጣል።

ለጓደኞችሽ የምትዪው ቀላል ነው። «ኤዲቲንጉና ድምፁ የተደነቀበት ምክንያት ገብቶኛል፤ እኔ የፈለግኩት ሕዝቡን ነው፣ እሱን ግን አላገኘሁትም» በያቸው። እንዲህ ማለት ፊልም አለመውደድ አይባልም። «አይ አልገባሽም» የሚል ካለ ያን መተርኮሻ አስታውሶት እንደሆነ ጠይቂው። ካላስታወሰው አብራችሁ የፊልሙን የመጀመሪያ ትዕይንት እንደገና እዩት።

ጦርነትን ከሕዝቡ በኩል የሚያሳይ ፊልም ከፈለግሽ፣ ኢሳኦ ታካሃታ በ1988 የሠራው ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ የሚባል የጃፓን የካርቱን ፊልም አለ። ከተማቸው በቦምብ የነደደባቸው ወንድምና ትንሽ እህቱ ታሪክ ነው። ወታደር አይበዛበትም፤ ታሪኩ ያለው ጓዳ ውስጥ፣ ሩዝ ማሰሮ ውስጥ፣ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ካርቱን ነው ብለሽ ግን እንዳትንቂው፤ ረሃብ አለበት፣ ሕፃን ትሞትበታለች። ወሎ ውስጥ የ77ን ነገር የማያውቅ ቤት የለምና እናትሽ ባሉበት ባታዪው ይሻላል። አንቺም ሰላም በሆንሽበት ቀን፣ ከሰው ጋር ሆነሽ እዪው።

ዳንከርክን ሙሉውን ድገሚ አልልሽም። የጆርጅንና የፒተርን ትዕይንት ብቻ ፈልገሽ እዪና መልሰሽ ጻፊልኝ። ፒተር ያን መልስ መስጠቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ተማሪዎቼ በዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ያንቺን መስማት እፈልጋለሁ።